የአባቴ ሲአርፒ 210 ገባ፤ ይድናሉ ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ዶክተር። አባቴ የ62 ዓመት ሰው ናቸው፣ ሐይቅ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይዟቸው ደሴ ሆስፒታል ከተኙ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የሳንባ ምች ነው፣ ሴፕሲስ ሆኗል ተባልን። ሲገቡ ሲአርፒ 188፣ ነጭ የደም ሴል 17 ሺህ፣ ፕላትሌት 92 ሺህ፣ ክሬቲኒን 2.1 ነበር። በማግስቱ ሲአርፒ 210 ገባ። ላክቴት ውጭ አሠሩ ተብለናል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ‹ፕሮካልሲቶኒን የሚባል አለ፣ ሞትና ሕይወትን የሚለየው እሱ ነው፣ አዲስ አበባ ልካችሁ አሠሩ› አለን። በሬ ልንሸጥ እየተማከርን ነው። አጎቴ በበኩሉ ‹ቁጥሩ ከጨመረ ለምን ይንገላታሉ፣ ቤታቸው ይግቡ› ይላል። ይድናሉ ወይስ አይድኑም የሚለውን በእርግጠኝነት የሚነግረን የትኛው ምርመራ ነው?»

አብሽር ወንድሜ። አላህ አፊያ ያድርጋቸው።

ከሁሉ በፊት ለአጎትህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ሲአርፒ ከ188 ወደ 210 ወጣ ተብሎ ሕመምተኛ ከአልጋው አይነሳም። በሁለተኛው ቀን ይህ ቁጥር ቢጨምር የሚጠበቅ ነው። መድኃኒቱ በደንብ እየሠራም ሊጨምር ይችላል።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አባትህን አላየኋቸውም፣ ስለዚህ የሚያክሟቸውን ሐኪሞች ቃል የሚሽር ነገር አልነግርህም። በእጅህ የያዝከውን ወረቀት እንዴት እንደምታነበው፣ ምን እንደምትጠይቅና ገንዘባችሁን የት ብታውሉት እንደሚሻል ግን ልነግርህ እችላለሁ።

ከሲአርፒ ልጀምር። ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ የተገኘውም እንደ አባትህ የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነበር። ኢንፌክሽን ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሉኪን-6 የሚባል መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱ ጉበት ሲደርስ ጉበት ሲአርፒ ማምረት ይጀምራል። ደም ውስጥ መጨመሩ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 50 ሰዓት ውስጥ ነው። ምርቱ ከቆመ በኋላም ግማሹ ከደም ለመጥፋት 19 ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

ኮምቦልቻ ስላለህ ቦርከናን ታውቀዋለህ። ላይ ጦሳ ላይ የዘነበው ዝናብ ካባራ በኋላም ወንዙ ታች እናንተ ጋ ገና እየሞላ ነው። የአባትህ 210ም እንደዚያ ነው። የትናንት ወዲያውን ዝናብ ነው የሚያሳይህ። ላይ አባርቷል ወይስ እየዘነበ ነው የሚለውን ከዚህ ቁጥር ብቻ ማወቅ አትችልም።

የሲአርፒ ጥቅሙ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ቀን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በደንብ እየወረደ ከሆነ ደስ ይላል። ካልወረደ ሐኪሙ ራሱን የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። አንቲባዮቲኩ ለጀርሙ ይስማማል ወይ? ሳንባ ዙሪያ መግል ቋጥሯል ወይ? ከመነሻው ሌላ በሽታ ቢሆንስ? ቁጥሩ ይህን እንድንጠይቅ ያነቃናል። የቁጥሩ ከፍታ ግን ማን እንደሚሞት አይለይም። ሲአርፒው 300 ገብቶ በሳምንቱ በእግሩ የሚወጣ አለ። 90 ሆኖ የሚያርፍም አለ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ሴፕሲስ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሴፕሲስ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገባ ማለት ብቻ አይደለም። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ሲዋጋ ልክ ያጣና የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል መጉዳት ሲጀምር ነው ሴፕሲስ የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የተስማሙበት ትርጉም ይኸው ነው። ሰውን የሚገድለውም በአብዛኛው የሰውነት ክፍሎቹ መድከም ነው።

ስለዚህ የደም ምርመራዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የጦርነቱን ጩኸት ይለካል። ሲአርፒ፣ ፕሮካልሲቶኒን፣ ኢንተርሉኪን-6 እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ወገን የደረሰውን ጉዳት ይለካል። ክሬቲኒን (የኩላሊት)፣ ቢሊሩቢን (የጉበት)፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው)፣ ላክቴት እዚህ ናቸው። ይድናሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ሁለተኛው ወገን ነው። የሚያሳዝነው ግን ቤተሰብ ሁሌ የሚሮጠው ስሙ አዲስና ዋጋው ውድ ወደ ሆነው ነው። ዋናውን ነገር የያዘው ርካሹ ወረቀት ደግሞ ትራስ ስር ተጣጥፎ ይቀራል።

አንተ በእጅህ ያለውን ወረቀት እንየው። ሐኪሞች ሶፋ የሚሉት የነጥብ አሰጣጥ አለ። ስድስት ነገር ያያል፤ ሳንባን፣ ፕላትሌትን፣ ጉበትን፣ የደም ግፊትን፣ አንጎልንና ኩላሊትን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። የአባትህ ፕላትሌት ከ100 ሺህ በታች ስለሆነ 2 ነጥብ ነው። ክሬቲኒናቸው ከ2 እስከ 3.4 ባለው ውስጥ ስለሆነ እሱም 2 ነው። ድሮ ጤነኛ ከነበሩ ሳንባውን ሳንቆጥር 4 ደርሰዋል። ይህ ቀላል ሕመም አይደለም፣ ልደብቅህ አልፈልግም። በ2016ቱ ሥራ ኢንፌክሽን ተጠርጥሮባቸው ይህ ነጥብ 2 እና ከዚያ በላይ ከጨመረባቸው ሕሙማን 10 በመቶ ያህሉ ሆስፒታል ውስጥ ሞተዋል። ነጥቡ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል። የጽኑ ሕሙማን አልጋ እንደልብ በማይገኝበት አገር ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ግን ይህ የብዙ ሰው ድምር ነው። አባትህ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አይናገርም። የነጥቡ አካሄድ ይሻላል። ዛሬ 4 የነበረው ነገ 3 ከሆነ ሰውነት እየተመለሰ ነው። 6 ከሆነ አንድ ነገር መቀየር አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ክሬቲኒንና ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እንደገና ይሠራ ዘንድ ጠይቅ። እነዚህ አብዛኛው ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

ስለ ክሬቲኒን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እሱም ይዘገያል። ኩላሊት ከተጎዳ በኋላ ቁጥሩ የሚወጣው ቆይቶ ነው፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ክሬቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው። የእኛ አገር አዛውንት ገበሬ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ስለዚህ የእሱ 1.3 ወፍራም ጎረምሳ ላይ ካለው 1.3 ጋር እኩል አይደለም። ቀደም ብሎ የተሠራ ካለ፣ ከአምና ካቻምናም ቢሆን፣ ወረቀቱን ፈልጋችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። ድሮም ከፍ ያለ ከነበረ ነገሩ ይለወጣል።

ሽንት ግን አይዘገይም። ከማንኛውም የደም ምርመራ ቀድሞ ስለ ኩላሊት የሚነግርህ እሱ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር ያህል መሽናት አለበት። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካላቸው ከረጢቱ ላይ መስመር አለ፣ እሱን እያያችሁ ጻፉ። ካቴተር ከሌላቸው ሽንታቸውን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አጠራቅሙ። በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ አንድ ሃይላንድ ተኩል እንኳ ካልሞላ ለነርሷ ተናገሩ። ሰዓቱን ከጎኑ ጻፉበት። በራውንድ ጊዜ፣ ሐኪሞች ሕሙማንን ሲዞሩ፣ እንዲህ ጽፎ የሚያቀርብ አስታማሚ ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው።

ፕላትሌትን በተመለከተ አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ሴፕሲስ ፕላትሌትን ያወርዳል፣ እየወረደ መሄዱም ክፉ ምልክት ነው። ነገር ግን ወባም ያወርደዋል። ቅማል የሚያስተላልፈው የሚያገረሽ ትኩሳትም ያወርደዋል። ደሴ ደጋ ናት፣ ወባ ብዙም አይታሰብም። አባትህ ግን በቅርቡ ወደ ቆላ ወርደው ነበር? ከሚሴ፣ ቃሉ፣ ወይም ለሥራ መተማና ሁመራ? ይህን ሳይጠየቁ ቀርተው ከሆነ አንተ ተናገር። የደም ፊልም በጥሩ ማይክሮስኮፕና በሠለጠነ ዓይን ሲታይ ሁለቱንም በሽታዎች ያሳያል። ወባ ሲአርፒንም ፕሮካልሲቶኒንንም ሽቅብ ይሰቅላል። ስለዚህ ፈረንጅ አገር የተቀመጠ የቁጥር ድንበር ወሎ ቆላ ላይ እንዳለ አይሠራም።

እዚያው ሲቢሲ ወረቀት ላይ ሊምፎሳይት የሚል መስመር አለ፤ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ነው። ማንም አያየውም። በሴፕሲስ መጀመሪያ ይወርዳል። ሕመምተኛው እያገገመ ሲሄድ መነሳት አለበት። ቀናት አልፈውም እዚያው መሬት ላይ ከቀረ የመከላከያ አቅሙ እንደተዳከመ ያሳያል፣ ከከፋ ውጤት ጋርም ተያይዞ ታይቷል። የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ራሱ ሊምፎሳይትን ስለሚያወርድ እንደዚያ አይነበብም። ነጭ የደም ሴሉ 17 ሺህ ማለቱ ብዙ አያስጨንቀኝም። ባልጠበቅነው ጊዜ ከ4 ሺህ በታች ቢወርድ ነበር ይበልጥ የምፈራው።

አሁን ላክቴት። ሐኪሞቹ ይህን ማዘዛቸው ትክክል ነው። ለትንበያ በጣም ከሚያግዙን መካከል ነው። ሴሎች በቂ ደምና ኦክስጅን ሲያጡ፣ ወይም በውጥረት ውስጥ ሲሆኑ ላክቴት ይበዛል። ከ2 ሚሊሞል በሊትር በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ደህና ቢመስልም እንኳ አደጋ አለ። በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶም ግፊትን ለመያዝ መድኃኒት የሚያስፈልገውና ላክቴቱ ከ2 በላይ የሆነ ሕመምተኛ ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ነው። በዚህ ደረጃ ያሉት በጥናቶቹ ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ ሞተዋል። ከሰዓታት በኋላ ደግመው ሲለኩት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ተስፋው ይጨምራል።

ችግሩ «ውጭ አሠሩ» የሚለው ላይ ነው። እስኪ መንገዱን ተከተለው። ደም ዎርድ ውስጥ ይቀዳል። አስታማሚ ቱቦውን በእጁ ይይዛል። ባጃጅ ይጠብቃል። ፒያሳ ይደርሳል። ካርድ ያወጣል፣ ይከፍላል፣ ተራ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ያሉት ቀይ የደም ሴሎች አልሞቱም። ስኳር እየበሉ ላክቴት ማምረት ይቀጥላሉ። 2 የነበረው 4 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ቤተሰብም ሐኪምም ይደነግጣል። ስለዚህ ከማሠራታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ፍሎራይድ ያለበት፣ ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ አለ ወይ? ቱቦው በበረዶ ታጅቦ ወዲያው ይደርሳል ወይ? መልሱ ሁለቱም የለም ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። የማይታመን ቁጥር ከምንም አይሻልም፣ ያሳስታል። ክንድ በላስቲክ ታስሮ ብዙ ቆይቶ ቢቀዳም እንዲሁ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ላክቴት በሌላ ምክንያትም ይጨምራል። ለትንፋሽ የሚሰጠው ሳልቡታሞል ይጨምረዋል። የጉበት በሽታ፣ የሚጥል ሕመም፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን እንዲሁ። አባትህ ሳልቡታሞል እየወሰዱ ከሆነ ውጤቱን የሚያነበው ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ላክቴት ካልተገኘ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ጥናት አለ። አንድሮሜዳ-ሾክ ይባላል። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ሴፕቲክ ሾክ ያለባቸውን ሕሙማን ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱን ወገን በላክቴት እየተመሩ አከሙት። ሌላውን ጣት ተጭነው ደሙ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ እየቆጠሩ አከሙት። በ28 ቀን ውስጥ በላክቴቱ ወገን 43.4 በመቶ፣ በጣቱ ወገን 34.9 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መስፈርት ለጥቂት ሳይሞላ ቀረ። ስለዚህ ጣት ከላክቴት ይበልጣል አልልም። በሠለጠነ እጅ ሲሆን ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ከላክቴት ጎን መቆም እንደሚችል አሳይቷል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የጠቋሚ ጣትን ጫፍ ነጭ እስኪሆን ለ10 ሴኮንድ ያህል ጫን ታደርጋለህ። ትለቃለህ። ከ3 ሴኮንድ በላይ ቆይቶ ከቀላ ዝውውሩ ደክሟል። ደሴ ላይ ግን፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ የጤነኛ ሰው ጣትም ቀዝቃዛ ነው። እጁ ጋቢ ውስጥ ሞቅ ካለ በኋላ ነው መታየት ያለበት።

ወደ ዘመዳችሁ ፕሮካልሲቶኒን እንምጣ። ጥሩ ምርመራ ነው፣ አልንቀውም። ከሲአርፒ ይፈጥናል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ በአንድ ቀን ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ኢንፌክሽኑ ሲገታ በየቀኑ ግማሽ በግማሽ ይወርዳል። ግን «ሞትና ሕይወትን የሚለይ» የሚባል አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ የሚነግርህ ነገር ትንሽ ነው። የሚጠቅመው ሲደጋገም ነው። አሜሪካ ውስጥ በተሠራ አንድ ጥናት እስከ አራተኛው ቀን ፕሮካልሲቶኒናቸው በ80 በመቶ ከወረደላቸው ሕሙማን ውስጥ በ28 ቀን 10 በመቶ ያህሉ ሞቱ። ካልወረደላቸው ውስጥ ግን 20 በመቶ። ልብ በል፣ ባልወረደላቸውም ከአምስቱ አራቱ ተርፈዋል።

የፕሮካልሲቶኒን ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። አንቲባዮቲክ መቼ ይቁም የሚለውን ያግዛል። ሆላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከ1,500 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሕመምተኞች ተካተዋል። ቁጥሩ ከጣሪያው በ80 በመቶ ሲወርድ ወይም 0.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን አንቲባዮቲክ እንዲቆም ተመከረ። የመድኃኒቱ ቀን ከ7 ወደ 5 ወረደ፣ ሞትም አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀንሶ ታየ። በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ትልቅ ጥናትም ፕሮካልሲቶኒን የመድኃኒት ቀን እንደሚቀንስ፣ ሲአርፒ ግን እንደማይቀንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም ፕሮካልሲቶኒንን አንቲባዮቲክ ለማቆም መጠቀምን ይደግፋል፤ ለመጀመር መጠቀምን ግን አይደግፍም። አባትህ ደግሞ መድኃኒቱን ጀምረዋል። አዲስ አበባ የተላከው ደም ውጤቱ ሲመለስ የትናንቱን ነው የሚነግራችሁ። በዚያ ላይ ኩላሊታቸው ስለደከመ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊወጣ፣ ቀስ ብሎም ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ በግልጽ ልንገርህ፤ ለፕሮካልሲቶኒን ብላችሁ በሬ አትሽጡ።

ሌላም ብዙ ስም ትሰማለህ። ፕረሴፕሲን፣ ሱፓር፣ አድሬኖሜዱሊን የሚባሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ግምገማ ለሴፕሲስ የተጠኑ 258 ጠቋሚዎችን ቆጥሯል። 258 ነገር ተጠንቶ አንዱም ብቻውን «ይህ ይድናል፣ ይህ ይሞታል» ለማለት አልበቃም። ይህ የሳይንስ ስንፍና አይደለም። ሴፕሲስ አንድ በሽታ ስላልሆነ ነው። የ20 ዓመት አራስና የ62 ዓመት ገበሬ በሁለት የተለያየ መንገድ ነው የሚታመሙት። አንዱ የመከላከያ አቅሙ ስለገነፈለ ይጎዳል፣ ሌላው ስለዛለ። አንድ ቁጥር ሁለቱን ሊያነብ አይችልም።

ገንዘባችሁ የት ቢውል ይሻላል? በመጀመሪያ የጤና መድን ካርድ ካላቸው፣ ውጭ ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደሚሸፈን ሆስፒታሉን ጠይቁ። ከዚያ የታዘዘው አንቲባዮቲክ አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይዛነፍ መሰጠቱን አረጋግጡ። መድኃኒቱ ከመደብሩ ካለቀና ውጭ ግዙ ከተባላችሁ ነገ ጠዋት አትበሉ፣ አሁኑኑ ሂዱ። የደም ካልቸር (ጀርሙን ከደም አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) የሚሠራ ከሆነና እስካሁን ካልተወሰደ ጠይቁ፣ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ጀርሙን የማግኘት ዕድሉ ቢቀንስም። አክታቸው ለቲቢ በጂንኤክስፐርት መታየቱንም ጠይቅ። የኤችአይቪ ምርመራም እንዲሁ። ሁለቱም በመንግሥት ተቋም በነፃ ናቸው። የሳንባ ምች የመሰለ ነገር በሦስት በአራት ቀን ካልተሻለው ሰው ጀርባ ቲቢ ተደብቆ ሊገኝ ይችላል፣ ያን ደግሞ ሲአርፒም ሆነ ፕሮካልሲቶኒን አይነግርህም። ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) እናሠራ የሚል ሰው ከመጣ ግን አመስግናችሁ ተዉት። ለዚህ ሕመም የሚጨምረው ነገር የለም።

ሐኪሙን ስታገኘው ስለ ማንኛውም ውድ ምርመራ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ «ዶክተር፣ ውጤቱ ከፍ ቢል ምን ትቀይራላችሁ? ዝቅ ቢልስ?» የሚቀየር ነገር ካለ አሠሩ። ከሌለ ገንዘቡን ለመድኃኒትና ለምግብ አቆዩት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ግሉኮስ። እኛ ጋ አስታማሚ ሁሌ «ግሉኮስ ጨምሩለት» ይላል። ግፊት ሲወርድ ፈሳሽ ያስፈልጋል፣ ልክ ግን አለው። ዛምቢያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች ናቸው፣ አብዛኞቹም ኤችአይቪ ያለባቸው። ብዙ ፈሳሽ ቶሎ በሚሰጥ ፕሮቶኮል ከታከሙት 48.1 በመቶ ሞቱ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 በመቶ። መተንፈሻ ማሽን በማይበቃበት ቦታ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ይገድላል። አባትህ ሳንባቸው ነው የታመመው። ነርሷ ግሉኮሱን ዘግታ ካየሃት ምክንያት ይኖራታል፣ ጠይቃት እንጂ በራስህ አትክፈተው።

አጎትህን አልወቅሰውም። ወንድሙ ሲሠቃይ ማየት ከብዶት ነው። ሰው ቤቱ፣ ወገኑ መሃል ይሁን ማለትም በእኛ ዘንድ ክብር ነው። ግን እስካሁን በጻፍክልኝ ውስጥ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቁጥር አላየሁም። የደከሙ ኩላሊትና ሳንባ አይቻለሁ። በሴፕሲስ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ጊዜና አንቲባዮቲክ ካገኘ። ዱዓውን አልጋቸው አጠገብ አድርጉ፣ ሼሁም ይምጡ፣ መርፌው ግን አይነቀል። ቤት ከገቡ የሚቋረጠው ኦክስጅኑና አንቲባዮቲኩ ነው። እስካሁን ያቆማቸው ደግሞ እሱ ነው።

ዛሬ ማታ አጠገባቸው የሚያድር ሰው አራት ነገር ይይ። ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ወይም ከወትሮው ይልቅ እንቅልፍ ከበዛባቸው። ትንፋሻቸው በአንድ ደቂቃ ከ22 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከቀኑ ይልቅ ከፈጠነ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልወጣ። እጅና እግራቸው ቀዝቅዞ ጉልበታቸው አካባቢ ቆዳው ከተዥጎረጎረ። ከእነዚህ አንዱን ካየ ጠዋትን ሳይጠብቅ ነርሷን ይጥራ። አንተ ደግሞ ከነገ ራውንድ በኋላ አዲሱን ክሬቲኒን፣ ፕላትሌቱንና የሌሊቱን ሽንት ልክ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።